እያወረድን ስናይ ምን እየሰጠን ነው?

ጀርመን የሚኖር አብሮ አደጌ ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም። ቤታቸው ያስጠጉት፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሐበሻ እናት ከጠበቃ ቢሮ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በእርስዎ የኢንተርኔት መስመር ይህ ፊልም ያለ ፈቃድ ለሌሎች ተሰራጭቷል ይላል። ከ900 ዩሮ በላይ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ኮምፒውተር አይነኩም፤ ስልካቸውም ላይ ከቫይበር ውጭ የሚያውቁት ነገር የለም። መስመሩ ግን በስማቸው ነው።

«እኔ እኮ ያየሁት ነው እንጂ ያሰራጨሁት ነገር የለም» አለኝ።

አልዋሸኝም። ያየ ብቻ ነው የመሰለው። እንዲመስለው የተደረገበትን መንገድ ግን ብዙዎቻችን ስለምንጠቀምበት ልናውቀው ይገባል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ይህን በምታነቡበት ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ስትከፍቱ ሙሉው እስኪወርድ አትጠብቁም። እየወረደ ይጫወታል። ዩቲዩብም እንደዚያው። በሁለቱም ቪዲዮው የሚመጣው ከድርጅቱ ሰርቨር ነው፤ እናንተ ተቀባይ ብቻ ናችሁ። በቶረንት የሚሠሩት የፊልም መተግበሪያዎችም ስክሪን ላይ ሲታዩ ከዚህ አይለዩም። ፖስተሩን ትነካላችሁ፣ ትንሽ ያስጠብቃል፣ ፊልሙ ይጀምራል። ከጀርባው ያለው ግን ሌላ ነው። ወደ እናንተ የገባችውን እያንዳንዷን ቁራጭ ላፕቶፓችሁ እዚያው ለማታውቁት ሰው መልሶ ይልካል። የባለመብቶቹ ሰዎችም የሚያደርጉት ቀላል ነው፦ እንደ ማንኛውም ተመልካች ገብተው ቁራጭ ይቀበላሉ፣ የላከላቸውን መስመር አድራሻ ይመዘግባሉ። ጀርመን ውስጥ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የፖስታ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ላስታውስ። ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2001 ቢትቶረንትን ሲያወጣ ሐሳቡ ፊልም ማየት አልነበረም። ትልልቅ ፋይል አንድ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ፈላጊው በበዛ ቁጥር ሰርቨሩ ይጨናነቃል። እሱ ይህን ገለበጠው፤ ፈላጊው ሁሉ ሰጪም ይሁን አለ።

በሰፈሩ 500 ገጽ ያለው አንድ መጽሐፍ ብቻ አለ እንበል። ባለቤቱ ለሁሉም ከሚያነብ ለአንዱ ገጽ 12ን፣ ለሌላው ገጽ 340ን እየሰጠ ያስቀዳል። ጎረቤታሞቹ ደግሞ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ሁለት ብልህ ደንቦች አሉት። አንደኛው «ለሚሰጥህ ስጥ» ነው። ሁለተኛው ጥቂት ሰው ጋ ብቻ ያለውን ገጽ አስቀድመህ ቅዳ ይላል። ይህኛው መጀመሪያ ሲሰሙት ያስገርማል፤ ገጽ 1 እያለ ለምን ከገጽ 487 እጀምራለሁ? ምክንያቱም የገጽ 487 ባለቤት ነገ ሰፈር ቢቀይር መጽሐፉ ለሁሉም ጎዶሎ ይሆናል። ደንቡ የሚጨነቀው ለእኔ ንባብ ሳይሆን መጽሐፉ ሰፈሩ ውስጥ እንዲቀር ነው።

እያወረዱ ማየት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ፊልም ከመሐል አይታይም፤ ስለዚህ ቁራጮቹ በተርታ ይምጡ ተባለ። ታዲያ ሁሉም ገጽ 1ን ይፈልጋል፣ ከዚያ ገጽ 2ን። ገጽ 200 የደረሰው ገጽ 50 ላይ ላለው ይጠቅመዋል። ገጽ 50 ላይ ያለው ግን ገጽ 200 ለደረሰው የሚሰጠው አንድም ገጽ የለውም። መለዋወጡ ቀረና ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ ነገር ሆነ። «ለሚሰጥህ ስጥ» የሚለው ደንብም አብሮ ሽባ ሆነ፤ ሸክሙ በሙሉ ፋይሉን ጨርሰው ለሌላ ክፍት ያደረጉት ሲደሮች ላይ ወደቀ።

ይባስ ብሎ፣ ተመልካቹ ሁሉም ገጽ በእጁ የሚገባው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔ ደግሞ ይዘጋዋል። ለሰፈሩ በጣም በሚጠቅምበት ደቂቃ ይሄዳል ማለት ነው። ዕቁብ በወጣለት ማግሥት መጣል የሚያቆም ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ልዩነቱ ይኸኛው ዕቁብ ውስጥ መግባቱንም አለማወቁ ነው።

ይህን ልማድ በዓለም ያስፋፋው ፖፕኮርን ታይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ቦነስ አይረስ ያሉ ወጣት ፕሮግራመሮች ሠሩት፣ መጋቢት ላይ እነሱ ራሳቸው ዘጉት፣ ኮዱ ክፍት ስለነበር ግን ሌሎች አንስተው ቀጠሉበት። በ2015 ኔትፍሊክስ ለባለ አክሲዮኖቹ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ተፎካካሪ ስሙን እስከ ማንሳት ደርሷል። ብቃቱን አልክድም። ቶረንት የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው በሁለት ንክኪ ፊልም እንዲያይ አድርጓል። ይህን ማቅለል የቻለው ግን ሰጪነቱን ከዓይን በመሰወር ነው። ከሳሎን ወንበሩ ሆኖ የሚያየው ሰው ሰጪ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ፣ አብሮ አደጌም ቢያንስ የማን መስመር ላይ እንደተቀመጠ ያስብ ነበር። ፊልምን ያለ ሠሪው ፈቃድ መውሰድ ተገቢ ነው አልልም፤ የእኛው ፊልም ሠሪዎች በዚህ ምን ያህል እንደተጎዱ ስለማውቅ። ሰው ግን የሚያደርገውን አውቆ ያድርግ።

«ችግሩን አጋነንከው፣ እኔ ሁሌ ያለ እንከን ነው የማየው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ አዲስና ተወዳጅ ፊልም በመቶ የሚቆጠር ሲደር ስላለው ምንም አይሰማውም። ጎበዝ ፕሮግራመሮችም መሐል መንገድ አግኝተዋል፦ ለሚቀጥሉት ጥቂት ደቂቃዎች የሚያስፈልገውን በተርታ፣ የቀረውን ግን ብርቅ ከሆነው ጀምሮ ማውረድ። የሚጎዳው ፈላጊው ጥቂት የሆነው ነው። ባለፈው ወር ሠሪዎቹ ራሳቸው በነፃ የለቀቁትን አንድ የቆየ ዘጋቢ ፊልም ላወርድ ሞከርኩ። 97 ከመቶ ላይ ቆመ። 23 ሰዎች አብረውኝ አሉ፤ ሁሉም 97 ከመቶ። የመጨረሻዋን 3 ከመቶ የያዘ አንድም ሰው የለም። ምን ያህሉ አይቶ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

አገር ቤት ላለነው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሞባይል ፓኬጅ 1.5 ጊጋ የሆነ ፊልም አይቶ ያንኑ ያህል መልሶ የሰጠ ሰው ከፓኬጁ 3 ጊጋ ይሄድበታል። መተግበሪያው አይነግረውም። ማታ «ዳታዬን በሉብኝ» እያለ ያማርራል፤ ግማሹን የሰጠው እሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አይቶ ቢዘጋ አልወቅሰውም፤ ብሩ ከኪሱ ነው። የወር ሂሳብ ከፍሎ ያልተገደበ የቤት መስመር ያለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ራውተሩ ሲበራ የሚያድር ሰው ግን ምን ያጣል? በፍላሽ ሲሆን ሰው ላመጣልን ፊልም እኛም ያለንን እንገለብጥለት የለም እንዴ?

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መተግበሪያ ሠሪዎቹ «አሁን እየላክህ ነው፣ ይህን ያህል ልከሃል» የሚል ጽሑፍ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ያሳዩ። ኪውቢትቶረንት ላይ በተርታ ማውረድ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ የፈለገ አውቆ ያበራዋል። ትክክሉ ይህ ነው። ተጠቃሚውም የሲደሩን ቁጥር አይቶ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ በተርታ የሚለውን አጥፍቶ ያውርድ፤ ፊልሙን ነገ ቢያየው ምንም አይሆንም። ካየ በኋላም የወሰደውን ያህል እስኪሰጥ ክፍት ይተወው። ይህን የምለው እንዲሰራጭ ለተፈቀደ ፋይል ነው። ላልተፈቀደውማ፣ በተለይ አውሮፓ ለምትኖሩ፣ የሰው መስመር ላይ ሆናችሁ አትሞክሩት።

ሴትዮዋ ገንዘቡን ከፍለዋል። ለአብሮ አደጌ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እሱ በየወሩ 150 ዩሮ እየመለሰላቸው ነው፤ ሁለት ወር ቀርቶታል።