የመልእክተኞች የባሕር መንገድ



የዚህ እትም ዐቢይ ርዕስ የመርከብ ጉዞ ነው፤ ያውም ማስታወሻ እየያዙ የተጓዙ የመንግሥት መልእክተኞች ጉዞ።

ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ሄደው «ደስታና ክብር»ን ጻፉ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ጃፓን ድረስ ተጉዘው ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ያዩትንም በ«ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» አስነበቡ። ያኔ አገራችን የራሷ ወደብ አልነበራትም። መልእክተኛዋ ከአዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር በባቡር ወርዶ ጅቡቲ ላይ የባዕድ መርከብ ይሳፈር ነበር።

ለንጽጽር ቻይናዊውን ጉዎ ሶንግታኦን ጨምረናል። በብሪታንያ የቺንግ መንግሥት የመጀመሪያው ቋሚ መልእክተኛ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ከሻንጋይ ተነሥቶ በቀይ ባሕርና በስዌዝ በኩል ለንደን ገባ። የመንገድ ማስታወሻው ምዕራባውያንን አሞግሷል ተብሎ ተወገዘ፤ ቤተ መንግሥቱም የማተሚያ ሰሌዳዎቹ እንዲወድሙ አዘዘ። ከባዕድ አገር መማር ይገባል ብለው የጻፉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሲነበብ ሌላው ታገደ። ልዩነቱ ከጸሐፊዎቹ ይልቅ ስለ ቤተ መንግሥቶቻቸው የሚነግረን ይበዛል።

እኛ የሚሲሲፒ ወንዝ ጎረቤቶች አብዛኞቻችን የመጣነው በአውሮፕላን ነው። ከመካከላችሁ ቀይ ባሕርን በመርከብ የተሻገረ ካለ ግን ትዝታውን ይጻፍልን፤ ለሚቀጥለው እትም ገጽ ይዘንለታል።



አዘጋጁ
ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ