የጎደለው ዘይት የት ሄደ?

በዚህ ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ ትራክተርና ስለ ራሴ ስህተት ነው የምጽፈው። ስህተቱ የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይዤው እቀመጥ ነበር። ነገር ግን ቆም ብዬ ሳስበው እኛ የእርሻ ምሕንድስና ተማሪዎች ያንኑ ስህተት በየሴሚስተሩ እየተለማመድነው ነው፤ ይባስ ብሎ ማርክ እናገኝበታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ለተግባር ልምምድ አርሲ ውስጥ ወዳለ አንድ የእርሻ መሣሪያዎች ጋራዥ ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ፣ ተዳፋት ላይ ሲያርስ ያመሸ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ተገለበጠ የሚል ወሬ መጣ። ስንደርስ ትራክተሩ ቦይ ጠርዝ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ኦፕሬተሩን ማታውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደውታል፤ ክንዱ ተሰብሯል። ሞተሩ እንደተገለበጠ ወዲያው ጠፍቷል አሉን። በሌላ ትራክተርና በሽቦ ገመድ አቃንተን አቆምነው። የጭስ ማውጫው ተጣሟል፣ የሞተሩ መከለያ ተጨፍልቋል፣ ሌላው ግን ደህና ይመስላል።

ኃላፊው "ዘይት እይ" አለኝ። መለኪያውን መዝዤ ባየው ከታችኛው ምልክት በታች ነው። "ጎድሏል" አልኩት። "ታዲያ ጨምርበታ!" አለ። ጨመርኩ። ሁለት ሊትር ገደማ ገባ። መሬቱ ላይ የፈሰሰው ዘይት ግን ሁለት ሊትር ቀርቶ አንድ ጭልፋ አይሞላም ነበር። የጎደለው ዘይት የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው "ግጭ" ብሎ ቆመ። "ባትሪው ሌሊቱን ተኝቶ ደክሟል፣ ጎትተን እናስነሳው" ተባለ። ጎተትነው። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማ፤ የኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ተንሸራተቱና መዞር ጀመሩ። ሞተሩም ተነሳ። ሁላችንም አጨበጨብን።

ጭብጨባችን ሳያልቅ ድምፁ መጨመር ጀመረ። ነዳጅ የሚሰጠው ሰው እግሩን አንስቷል፤ ሞተሩ ግን ይጋልባል። ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ጭስ ሜዳውን ሸፈነው። ኦፕሬተሩን ተክቶ የተቀመጠው ልጅ የሞተር ማጥፊያውን ሳበ፤ ምንም። ዘልሎ ወረደና ሸሸ። እኛም ሸሸን። ያልሸሹት ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ብቻ ነበሩ። በጎን በኩል ቀርበው ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ነቀሉና የመሣሪያ ሳጥኑን የብረት ክዳን አፉ ላይ ለጠፉበት። ሞተሩ ታፍኖ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው "ስንት ሊትር ጨመርክ ልጄ?" አሉኝ።
"ሁለት ገደማ ጋሼ።"
"መሬት ላይስ ስንት አየህ?"
መልስ አልነበረኝም።

እስቲ አሁን ክፍል ውስጥ ወደተማርነው እንመለስ። ትራክተር በጎኑ ሲተኛ ኮፓ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ግድግዳ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ በፋሻዎቹ ክፍተት ቀስ እያለ ከፒስተኑ በላይ ይሰርጋል። በሞተሩ መተንፈሻም ይወጣል። የአየር ማጣሪያው ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ የማጣሪያው ዘይትም ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ይገለበጣል። ስለዚህ የጎደለው ዘይት የትም አልጠፋም። መሄድ የሌለበት ቦታ ገብቶ ነበር የሚጠብቀን።

ምን ያህል ዘይት ነው ጉዳት የሚያደርሰው? ያ ትራክተር የነበረው ፐርኪንስ 4.236 የሚባለው ሞተር ነው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ 4 ሲሊንደር፣ 236 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 3.9 ሊትር ገደማ። ለአንድ ሲሊንደር 970 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይደርሰዋል። የመጭመቅ ምጣኔው 16 ለ 1 ስለሆነ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ 970 ሲካፈል ለ15፣ ወደ 65 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ ማለት ነው! ከዚያ የበለጠ ዘይት አንድ ሲሊንደር ውስጥ ካለና ቫልቮቹ ከተዘጉ ፒስተኑ መሄጃ የለውም፤ ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም። ሞተሪኖው "ግጭ" ብሎ የቆመው ባትሪው ደክሞ አልነበረም። ሞተሩ "አታዙሩኝ" እያለን ነበር። ሞተሪኖ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ይቆማል። የሚጎትት ትራክተር ግን አይቆምም፤ አንድ ነገር እስኪጣመም ድረስ ይጎትታል። የሰማነው ደረቅ ድምፅም ቢየላው፣ በክፍል ቋንቋችን ኮኔክቲንግ ሮዱ፣ ሲጣመም ነበር።

መጋለቡስ? የናፍታ ሞተር ብልጭታ አያስፈልገውም፤ የሚቃጠል ነገርና የታመቀ አየር ካገኘ ይሠራል። ጋቨርነሩ የሚቆጣጠረው ከፖምፓው የሚመጣውን ናፍታ ብቻ ነው። ከማኒፎልዱ የሚሳበውን ዘይት የሚለካው የለም። ፍጥነቱ ሲጨምር የበለጠ አየር ይስባል፣ አየሩም የበለጠ ዘይት ይዞ ይገባል፣ ፍጥነቱ እንደገና ይጨምራል። የናፍታውን መስመር መዝጋት ዋጋ የማይኖረውም ለዚህ ነው። ማቆሚያው አየሩን መከልከል ነው፤ በጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር፣ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ። በእጅ መሞከር እጅን ያስበላል፤ ጨርቅም ተስቦ ይገባል። ይህንን በደቂቃ ውስጥ ማድረግ ካልተቻለ ደግሞ ከሞተሩ ርቆ መቆም ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፒስተኑንና ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሰው ከማሽን ይበልጣል።

ጥገናውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጋሼ መጀመሪያ ባትሪውን አስፈቱ። ኢንጀክተሮቹን በሙሉ አስወጡና ኮሎውን በእጅ ቁልፍ ቀስ ብለን አዞርነው፤ በኢንጀክተሮቹ ቀዳዳ የተረፈው ዘይት ተፋ። ማኒፎልዱን፣ የአየር ቱቦውንና ማጣሪያውን አውርደን አጠብን። ከዚያ ቴስታታው ወረደ። እያንዳንዱ ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ያለውን ከፍታ በመለኪያ ስናነጻጽር ሦስተኛው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቢየላው አጥሯል ማለት ነው፤ የተጣመመ ብረት ያጥራል። ከመጋለቡ የተነሳ ሁለት የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች ጎብጠዋል። ኮፓው ሲወርድ ብሮንዚኖቹ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ተፍቆ ከስር መዳብ ታየ። ኮሎው ተለክቶ እንዲስተካከል ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ብሮንዚኖቹም በዚያው ልክ ወፈር ባሉ ተተኩ።

ኃላፊው ቢየላውን በፕሬስ አቃንተን እንመልሰው ብሎ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። አንዴ ተጣሞ የተቃና ቢየላ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ደክሟል። አንድ ቀን ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ ከወጣ ሌላ ሞተር መግዛት ነው። በመጨረሻም ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ወዲያው አላስነሱትም። ማጥፊያው እንደተሳበ በሞተሪኖ አዙረን የዘይት ግፊት መለኪያው ሲነሳ ካየን በኋላ ነው ናፍታ የተሰጠው። አንድ ሰውም የብረት ክዳኑን ይዞ አየር ማስገቢያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ይህ ሁሉ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ኢንጀክተሮቹን አስቀድሞ አውጥቶ በእጅ ማዞር የሚፈጀው ግን ግማሽ ቀን አይሞላም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለው ተረት ለእኛ ነው የተተረተው።

እርግጥ ነው፣ በኃላፊው ላይ ብቻ መፍረድ ልክ አይደለም። ዝናብ መጥቷል፣ ገበሬው ተራውን ይጠብቃል፣ ባለ ትራክተሩ በየሰዓቱ "ተነሳ ወይ?" እያለ ይደውላል። በዘር ወቅት የቆመ ትራክተር የዓመት ገቢ ነው የሚበላው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምናልባት ያንኑ እል ነበር። ግን የኔ ጥያቄ ለኃላፊው አይደለም፤ ለራሳችን ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሃይድሮሊክ ሎክን ተምሬያለሁ፣ ፈተናም መልሻለሁ። ታዲያ መለኪያውን ይዤ ሜዳ ላይ ስቆም ለምን አልመጣልኝም?

በኔ አስተያየት ምክንያቱ የተግባር ፈተናችን ነው። መምህሩ ሞተር ላይ አንድ ብልሽት ያስገባል፤ ተማሪው ፈትቶ ይገጥማል፤ ሞተሩ ከተነሳ ማርኩ ሙሉ ነው። ካልተነሳ ይቆረጣል። ለምን ተበላሸ፣ ማስነሳቱስ ጉዳት አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም "ተነሳ" የሚለውን ቃል "ተጠገነ" ከሚለው ጋር አንድ አድርገን ይዘነው ወጣን። ያን ቀን ሜዳ ላይ ሳጨበጭብ የተሰበረ ሞተር ነበር የማጨበጭብለት።

ስለዚህ ለክፍላችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከተግባር ፈተናው ማርክ ግማሹ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ላለው ምርመራ ይሁን። "ይህ ሞተር አሁን መነሳት የለበትም" ብሎ በምክንያት የሚያስረዳ ተማሪ ሙሉ ማርክ ሊያገኝ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሞተር በጋለበ ጊዜ እንዴት እንደሚቆም ወርክሾፓችን ውስጥ እንለማመድ፤ ቢያንስ እያንዳንዱ የሙከራ ሞተር አጠገብ ለአየር ማስገቢያው ልክ የሆነ የብረት ክዳን ይንጠልጠል።

ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ። "የጎደለው የት ሄደ?" የሚለው ጥያቄ ለዘይት ብቻ አይደለም። ያ ትራክተር ሲሠራ የግልበጣ መከላከያ ፍሬም ነበረው። የመጋዘኑ በር አላስገባ ስላለ ብሎኑ ተፈትቶ ከጋራዡ ጀርባ ሳር በቅሎበታል። ስዊድን በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ ይህ ፍሬም እንዲኖር በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በግልበጣ የሚሞተው ሰው በእጅጉ ቀንሷል። ያችው ስዊድን ናት እ.ኤ.አ. በ1967 ከመንግሥታችን ጋር ጭላሎ ላይ ካዱን የጀመረችው። ትራክተር በአርሲ ማሳ ላይ ከታወቀ ይህን ያህል ዘመኑ ነው፤ ፍሬሙን ግን አሁንም ከጋራዥ ጀርባ እንጥለዋለን። ትራክተር ለመገልበጥ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ዘልዬ አመልጣለሁ የሚለው ሐሳብ ከንቱ ነው። ፍሬሙ ካለና ቀበቶው ከታሰረ ግን ሰው ይተርፋል።

ኦፕሬተሩን ልጠይቅ ቤቱ ሄጄ ነበር። ክንዱ በጀሶ ታስሮ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ትራክተሩ ተነሳ?" ብሎ ነው። ጋራዡ ያዘጋጀው ሪፖርት አራት ገጽ ነው፤ ስለሱ ያለው አንድ መስመር ብቻ። ፍሬሙ ጭራሽ አልተጠቀሰም። ትራክተሩ ተጠግኖ ሲወጣም ያለ ፍሬም ነው የወጣው። ለኃላፊው ሳነሳበት "ወደፊት ይታሰባል" አለኝ። እኔም ተለማማጅ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዘይቱን ሳልጠይቅ እንደጨመርኩት ሁሉ፣ ይህንንም ሳልሞግት አለፍኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ የምትደርሱበት ጋራዥ ሁሉ "ጨምርና አስነሳ" ይላችኋል። በአክብሮት "ቆይ ጋሼ፣ የጎደለው የት ሄደ?" በሉ። ምናልባት ይቆጧችሁ ይሆናል። ቢየላ ከሚጣመም፣ ሰው ከሚሰበር ግን ቁጣ ይሻላል። ቸር ይግጠመን።