የልደታ ጎርፍ መፍትሔው ከላይኛው ተፋሰስ ይጀምራል

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የ7 ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ አይዘነጋም። ክረምት በገባ ቁጥር በወንዝ ዳር የሚኖሩ ነዋሪዎች ስጋት ይታደሳል። ጎርፍን በቱቦና በግንብ ብቻ መመከት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሳል።

ልደታ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። የሚገኘው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ሲሆን፣ በሰሜን ከፍታዎች የጣለው ዝናብ ቁልቁል ወደዚሁ ይወርዳል። አፈርና ሣር ባለበት ውኃ ይሰርጋል፤ አስፋልት፣ ኮንክሪትና ቆርቆሮ በሸፈነው መሬት ላይ ግን በአንድ ጊዜ ይነጉዳል። ነባር መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየሞች በተገነቡበት በልደታ፣ ውኃ የሚሰርግበት ክፍት መሬት ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. በናይሮቢ ትርጉም የሰጠው «ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ መፍትሔ» ለኢትዮጵያ አርሶ አደር አዲስ አይደለም። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የሕዝብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ሥራው ከተፋሰሱ አናት እንዲጀመር፣ ዕቅዱንም ኅብረተሰቡ ራሱ በመረጣቸው ሰዎች አማካይነት እንዲያወጣ ያዛል። በአማራ ክልል በየዓመቱ በበጋው ወራት እርከን የሚሠራው አርሶ አደር ይህን በተግባር ያውቀዋል። ከላይ ያልተያዘ ውኃ ከታች ያለውን እርከን ይንደዋል፤ መተዳደሪያ ደንብ ያልወጣለት የተከለለ መሬትም መልሶ ለልቅ ግጦሽ ይዳረጋል።

ከተማዋ ከዚህ ልምድ የምትወስደው ትምህርት አለ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት የታቀደ ነበር። የወንዝ ዳርቻን ከቤትና ከቆሻሻ ነፃ ማድረግ ለጎርፉ መተንፈሻ ይሰጣል። ዳርቻው በድንጋይና በሲሚንቶ ከተሸፈነ ግን ውበቱ እንጂ የመስረጉ ጥቅም አይገኝም። ከዳርቻው የሚነሱ ነዋሪዎች ኑሮ በዕቅዱ ካልታሰበ ደግሞ ስጋቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

በልደታ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ነው፦ በኮንዶሚኒየም ግቢዎች የጣሪያ ውኃ የሚሰርግባቸው ጉድጓዶች፣ ባልተነጠፈ መሬት ላይ ሣርና አገር በቀል ዛፎች፣ በወንዝ ዳር ቀርከሃ። ችግኙን ማን ይንከባከበዋል፣ ቱቦውን ከቆሻሻ ማን ይጠብቀዋል የሚለውን በወረዳ ደረጃ መወሰን የሚገባቸው እዚያው የሚኖሩት ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን ቱቦን አይተካም፤ በነሐሴ አፈሩ ውኃ ከጠገበ በኋላ የሚጥልን ከባድ ዝናብ ዛፍ ብቻውን አይመክተውም። ልደታም ብቻዋን አትችለውም። ውኃ የክፍለ ከተማ ወሰን አያውቅምና፣ ዕቅዱ ከላይኞቹ ክፍለ ከተሞች ጋር በአንድ ተፋሰስ ሊወጣ ይገባል። የወንዙ ውኃ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ በአቃቂ አትክልት የሚያለማበት አርሶ አደር አለ፤ ልደታ የያዘችው ወይም የለቀቀችው ውኃና ቆሻሻ የሚደርሰው እርሱ ማሳ ላይ ነው።