ሁለት ስም የነበራቸው አያቶቻችን

ረመዳን በገባ ቁጥር በባቲ ቤቶች የማይቀር አንድ ልማድ አለ። አዛን ተብሎ ጾሙ በቴምርና በውኃ ከተፈታ፣ መግሪብ ከተሰገደ፣ ሾርባው ከተጠጣ በኋላ ከቤቱ በዕድሜ የገፋው ሰው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለአገር ሰላም ይለመናል። በመጨረሻም ለሙታን ይደረጋል። እዚህ ላይ ስም ይጠራል፤ አባት፣ እናት፣ የአባት አባት እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በብዙዎቻችን ቤት ጥሪው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስም ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ በአንድ አሚን ይጠቃለላሉ።

በእኛ ቤት ጥሪው የሚቆመው የአያታችን አያት ላይ ነው። አያታችን እዚያ ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ልጆች ሳለን ለሟች ካላቸው አክብሮት የተነሳ ይመስለን ነበር። ኋላ እንደተረዳነው ግን እኚህ ሰው ሁለት ስም ነበራቸው። አንዱ የእስልምና፣ ሌላው የክርስትና ስም ነው። ሁለተኛውን ስም በቤታችን ጮክ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንል የምንፈልገው አጭር ነው። እንዲህ ያለውን ስም መደበቅ ይብቃን። የአያቶቻችንን ሕይወት እንደነበረ እንፈልገው፣ እንጻፈው፣ ለልጆቻችንም እንንገራቸው።

ነገሩ የአንድ ቤት ነውር አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው በዋናነት የተጠራው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ለመቋጨት ነበር። ተከትሎት የመጣው ትእዛዝ ግን የወሎን ሙስሊም ሁሉ ነካ፤ ሃይማኖቱን ለውጦ እንዲጠመቅ ታዘዘ። በቅድሚያ የተጠመቁት ገዢዎቹ ናቸው። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ፤ የልጅ ኢያሱ አባት እሳቸው ናቸው። በፈረስ ስማቸው አባ ዋጠው የሚባሉት ሌላው ኢማም ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ።

ሕዝቡ ሦስት መንገድ ነበረው። እንደ ሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ካሉ ዑለማ ጎን ቆሞ የተዋጋ አለ። ወደ አፋር ቆላ፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅማ፣ ባሕር ተሻግሮም ወደ ሒጃዝ የተሰደደ አለ። አገሩን፣ ከብቱንና ቤተሰቡን ትቶ መሄድ ያልቻለውም ተጠምቆ በአዲስ ስም ተጠራ፤ ቀን በአደባባይ ክርስቲያን፣ ማታ በጓዳ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ የትእዛዙ ጥብቀት ላላ። ብዙው ወደ እስልምናው በግልጽ ተመለሰ፤ በዚያው በክርስትናው የጸናም ነበር። ዛሬ ወሎ ውስጥ አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ዘመድ ብርቅ የማይሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አንብበን እናውቅ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ ከዓረብኛ ጽሑፎች፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከሽማግሌዎች ቃል አገናዝበው ጽፈውልናል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ሆኖም አገር ያወቀውን ታሪክ ከቤታችን ሳጥን ጋር አገናኝተነው አናውቅም ነበር።

በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። አንደኛው ከአሮጌ ኪታብ የተረፈ የመጨረሻ ገጽ ነው። ገልባጩ ስሙን፣ የአባቱን ስምና መጽሐፉን የጨረሰበትን ጊዜ በዓረብኛ አስፍሯል፤ ረቢዐል አወል 1306 ዓመተ ሒጅራ ይላል። ሁለተኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቆረጠ የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። የከፋዩ ስም የአያታችን አባት ስም ሆኖ ሳለ የአባቱ ስም ግን የክርስትና ስም ነው። «ይህ የእኛ አይደለም፣ የሌላ ሰው ወረቀት ተቀላቅሎ ነው» ተብሎ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጣል ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች ያገናኘን የመሬቱ ስም ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቦታ አያታችን በልጅነታቸው ከብት የጠበቁበት ነው። ያን መሬት ሌላ ቤተሰብ ይዞት እንደማያውቅ ጎረቤቶችም ያረጋግጣሉ። ስለዚህ በመንግሥት መዝገብ በክርስትና ስማቸው የቀሩት ሰውና ኪታቡን በዓረብኛ የገለበጡት ሰው አንድ ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ ቀኑን አሰላን። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ 33 የሒጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ያህል ነው። 1306 ዓመተ ሒጅራ የገባው ከእኛው 1881 ዓ.ም. መባቻ ጋር በቀናት ልዩነት ነበር። ረቢዐል አወል ደግሞ ኅዳር ላይ ይውላል። ከብቱ በበሽታ አልቆ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን የያዘበት ጊዜ ነው። አፄ ዮሐንስ ከመሞታቸው በፊት አራት ወር ገደማ ይቀራል፤ ትእዛዙም ገና አልተነሳም። በዚያ ወቅት ሰውየው ቁጭ ብለው ኪታብ ይገለብጡ ነበር።

ከዚህ በላይ ወረቀቱ አይነግረንም። የተጠመቁት ተገደው ይሁን መሬታቸውን ለማትረፍ፣ ኪታቡንም የጻፉት በጓዳ ተደብቀው ይሁን ቆላ ወርደው፣ ማስረጃ የለንም። ስለዚህ በደብተራችን ላይ የታወቀውን «የታወቀ»፣ የሚገመተውን «ግምት» ብለን ለይተን ጻፍነው። ይህ ለሙስሊም ቤት እንግዳ ሥራ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ማን ከማን ሰማው፣ በዘመን ተገናኝተዋል ወይ፣ አስተላላፊው ታማኝ ነው ወይ እያሉ ሰንሰለቱን ይመረምሩ ነበር። ጠንካራውን ሶሒሕ፣ ደካማውን ዶዒፍ ብለው ለዩ። ይህን ጥንቃቄ ለዘር ሐረጋችን የምንነፍግበት ምክንያት የለም። በተለይ አያታችን ከዐረብ አገር የመጡ ሸሪፍ ናቸው የሚል ወሬ በማስረጃ ሳይሆን በምኞት የቆመ ከሆነ፣ እሱንም «ግምት» ብሎ መጻፍ ሐቅ ነው።

«ተሸፍኖ የኖረውን ምን አወጣችሁት?» የሚሉ ዘመዶች አሉን። ቃላቸውን አናቃልለውም። የሟችን ገመና መሸፈን የታዘዝንበት ነገር ነው፤ ወጣቱም ነገሩን ሰምቶ በጎረቤቱ ላይ ቂም እንዳይዝ መስጋታቸው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መገደድ ገመና አይደለም። ሱረቱ ነሕል 106ኛው አንቀጽ ልቡ በኢማን ረግቶ ሳለ በግድ ቃል ያወጣን ሰው ከቁጣው ለይቶታል። ዓማር ቢን ያሲር በመካ ተሠቃይተው የማይፈልጉትን ቃል በተናገሩ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጽናኗቸው እንጂ አላሳፈሯቸውም። እነሱ ያላሳፈሩትን እኛ የምናፍርበት ከምን ተነስተን ነው?

ቂምን በተመለከተ ደግሞ የእኛ ልምድ ተቃራኒውን አሳይቶናል። ደረሰኙን ይዘን ስንጠይቅ በክርስትናው የቀሩ የአንድ አያት ልጆች እንዳሉን አወቅን። ሱረቱል ሑጁራት ሰዎች በነገድና በጎሳ የተለዩት እንዲተዋወቁ መሆኑን ታስተምረናለች፤ ሲላቱ ረሒም፣ ዝምድናን መቀጠል፣ በረመዳን ከምንመካከርባቸው ነገሮች ዋነኛው ነው። ዘመዱን የማያውቅ ሰው ዝምድናን ከየት ይቀጥላል? ሁለት ስም መያዝ ክህደት ተብሎ በቤት ውስጥ ቢደበቅም፣ ሁለቱን ቤቶች መልሶ ያገናኘው ይኸው ስም ነው።

በፍለጋው የሚገጥመን ዝምታ ይህ ብቻ አይሆንም። ባቲ ደጋና ቆላ፣ ኦሮሞ፣ አፋር፣ አማራና አርጎባ በሰኞ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ጨውና ግመል የሚገኝባቸው የንግድ መንገዶች በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ በዚያው አቅጣጫ በአንድ ዘመን ሰውም ይሸጥ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ስንቆፍር የተሸጠ አያት፣ ሌሎቻችን የሸጠ አያት እናገኝ ይሆናል። የተሸጠው የኛ ከሆነ አናፍርበት፤ የሸጠው የኛ ከሆነም አናድበስብሰው። ዛሬም በጋብቻ ጊዜ «ዘሩ ምንድን ነው?» እየተባለ በሹክሹክታ የሚጎዳ ሰው ያለው ይህ ጉዳይ በግልጽ ስላልተነገረ ነው።

ሌላው ዝምታ የእናቶች ነው። ሰባት አባት የሚቆጥር ሰው ከአያቱ በላይ ያለችውን ሴት ስም አያውቅም። የኒካሕ ወረቀት ከተገኘ ግን የሙሽራይቱ ስም፣ የአባቷ ስምና መህሯ እዚያ አለ። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 በሕግ ከተደነገጉ ወዲህ የውርስና የፍቺ ጉዳይ ያለው ቤተሰብ የውሳኔ ግልባጭ ሊኖረው ይችላል፤ በውርስ ክፍፍል ላይ ሴት ልጅና ሚስት ድርሻ ስላላቸው ስማቸው ይጻፋል። ወረቀቱ ባይኖር አያቶቻችን አሉ። አማት፣ አክስት፣ አዋላጅ፣ ስም ያወጣው ሁሉ ማን እንደነበር የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።

የምንቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለኖረው ሰው መዝገቡ ሳጥንና የሽማግሌ ልብ ነበር። ሳጥኑን ምስጥና እርጥበት ይበሉታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ በደረሰ ጊዜ እንዳየነው ቤቱን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ልጁን እንጂ ኪታቡን አይዝም። አሮጌ የእጅ ጽሑፍ በትንሽ ብር የሚገዛ ነጋዴም አለ፤ የተሸጠው ገጽ ከነስሙ ይሄዳል። የሽማግሌውን ልብ ደግሞ ሞት ይወስደዋል።

ስለዚህ በቀሩት የረመዳን ምሽቶች እያንዳንዱ ቤት ይህን ቢያደርግ እንላለን። ከኢፍጣር በኋላ ተራዊሕ እስኪደርስ ባለው ጊዜ አንድ ልጅ ደብተርና ስልክ ይዞ ከአያቱ አጠገብ ይቀመጥ። «መቼ ተወለዱ?» ብሎ ዓመት አይጠይቅ፤ «ጣሊያን ሲገባ ምን ያህል ነበሩ? አባትዎ ስለ ኅዳር በሽታ፣ ስለ ሰገሌ ምን ይሉ ነበር?» ይበል። ጣሊያን 1928፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ሰገሌ 1909 ናቸው፤ ዓመቱን ከዚያ ያወጣዋል። የነገረውን ሰው ስምና የነገረበትን ቀን ይጻፍ። ስሙን በሚጠራበት መልክ ሁሉ ይመዝግብ፤ አሕመድ በመዝገብ ላይ አመዴ፣ ሐሰንም አሰን ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የፈረስ ስምም አይረሳ። የኪታቦችን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ፣ ዳር ዳሩ ላይ የተጫረውን ሳይቀር፣ በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሳ። ዋናውን በፕላስቲክ አያሽገው፣ በሙጫም አይለጥፈው። ማንበብ ካልቻለ ለሠፈሩ ሸህ ያሳይ፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተጻፈ ዐጀሚ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በላይ ለሚሻ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ እንዲሁም ወመዘክር አሉ።

አያታችን ሁለተኛውን ስም እስካሁን በዱዓቸው ላይ አልጠሩም። አናስገድዳቸውም። ነገር ግን ደረሰኙ ከኪታቡ ገጽ ጋር በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ሱረቱል በቀራ ዕዳን እንድንጽፍ ታዘናለች፤ ይህም ዕዳ ነው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ያወቅናቸውንም ገና ያላወቅናቸውንም ሙታኖቻችንን ይማርልን።