በጋምቤላ ሁለት ዓይነት ጎርፍ አለ፤ አንደኛውን መከላከል የሚጀመረው በበጋ ነው

በየዓመቱ ክረምቱ ሲበረታ የጋምቤላ ስም ከጎርፍ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማን ጨምሮ በኢታንግ፣ በላሬ፣ በጂካዎና በሌሎችም ወረዳዎች በርካታ ነዋሪዎችን ማፈናቀሉ ይታወሳል። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር የሁሉም ዓይን ወደ ወንዙ ያማትራል። ይሁን እንጂ ከተማዋን የሚያጥለቀልቃት ውኃ ሁሉ ከባሮ የሚመጣ አይደለም።

የመጀመሪያው ጎርፍ የወንዙ ሙላት ነው። ባሮ የሚፈጠረው የገባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው ሲሆን፣ የሚሞላው በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሚጥለው ዝናብ ነው። ስለሆነም በጋምቤላ ሰማይ ላይ ደመና ባይታይም ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ይህን የከተማው አስተዳደር ብቻውን ሊያቆመው አይችልም፤ የተፋሰስ ልማት፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትና የክልሎች ትብብር ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጎርፍ ግን እዚያው ከተማዋ ውስጥ የሚፈጠር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። በዚህ ስሌት 500 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ግቢ በቆርቆሮ ጣሪያና በሲሚንቶ ወለል ከተሸፈነ፣ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለ ቀን 25,000 ሊትር ያህል ውኃ ወደ ውጭ ይለቃል። እንዲህ ያሉ መቶ ግቢዎች 2.5 ሚሊዮን ሊትር ይለቃሉ ማለት ነው። ቀድሞ ከዚህ ውኃ የተወሰነውን ሣሩና አፈሩ ይመጡት ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሜዳማ ከተማ ደግሞ ውኃው በራሱ ፈጥኖ የሚወርድበት ቁልቁለት ብዙ አይደለም። ባሮ ሞልቶ ከቦዮቹ አፍ በላይ ከሆነ፣ ከከተማው ሊወጣ የሚገባው ውኃ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ባሮ ለጋምቤላ ሁልጊዜ ስጋት ብቻ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በወንዙ ዳር የተቋቋመው የንግድ ጣቢያ ከካርቱም የሚመጡትን የእንፋሎት መርከቦች የሚያስተናግደው ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪዎች ቁጥር 39,022 ደርሶ ነበር። ከተማ እየሰፋ ሲሄድ ውኃ ይተኛበት የነበረው ቦታ የቤት መሥሪያ ይሆናል፤ ውኃው ግን የቀድሞ ቦታውን አይረሳም።

ይህን ሁለተኛ ጎርፍ ለመቆጣጠር የሚያስችል ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽን ወደ ውኃ አካል መልቀቅ ፈቃድ የሚያስፈልገው ተግባር መሆኑን ደንግጓል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተከትለው ወጥተዋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ማንኛውም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ፕላን ቀርቦ በሕንፃ ሹም ፈቃድ እንዲሰጥበት የሚያደርግ ሥርዓት ዘርግቷል።

ችግሩ የዝናብ ውኃ በእነዚህ ሕጎች መካከል ተበታትኖ መቅረቱ ነው። አንዱ ሕግ ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ሌላው ስለ ሕንፃ ጥንካሬ፣ ሦስተኛው ስለ ደረቅ ቆሻሻ ይናገራል። ከጣሪያ ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ መንገድ ዳር ባለው ቦይ አልፎ ባሮ የሚገባው ውኃ ግን በየደረጃው ባለቤቱ ይለዋወጣል። ብዙ ባለቤት ያለው ነገር ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ልምድ ትምህርት ይሰጣል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1987 የንጹሕ ውኃ ሕጓን አሻሽላ የዝናብ ጎርፍን በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ አስገባች። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ደንብ ከ100,000 በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞችና በትልልቅ ግንባታዎች ላይ ያተኮረ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ግን አነስተኛ ከተሞችንና 4,000 ካሬ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሚሸፍኑ ግንባታዎችን ጨመረ። ገንቢው መሬት ከመቆፈሩ በፊት ውኃው ወዴት እንደሚሄድና አፈሩ እንዳይታጠብ ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሥራው ሲጀመርም ይመረመራል። ግዴታው በአንድ ጊዜ በሁሉም ላይ አለመጫኑ፣ ከትልቁ ተጀምሮ ወደ ትንሹ መውረዱ ልብ ሊባል ይገባል።

ለጋምቤላም ይኸው ቅደም ተከተል ያዋጣል። አንዲት ክፍል ቤት ለምትሠራ እናት የመሐንዲስ ጥናት አምጪ ማለት ፈቃድ ሳይጠይቁ መሥራትን ማበረታታት ነው። ለእርሷ ቤቱ ቦይ ላይ እንዳያርፍ መከልከልና የወለሉን ከፍታ መንገር ሊበቃ ይችላል። ሰፊ መጋዘን፣ ሆቴል ወይም የመንግሥት ሕንፃ የሚያስገነባ አካል ግን የጣሪያው ውኃ የት እንደሚከማችና ከየትኛው ቦይ እንደሚገናኝ በፕላኑ ላይ ሊያሳይ ይገባል። ለትልልቅ ሕንፃዎች የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲሰጥም ይህ መፈጸሙ መረጋገጥ አለበት። በከተማዋ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለዚህ አመቺ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም አዲስ ቦይ ዋጋ የሚኖረው መውጫው ከባሮ ሙላት ጋር ተገናዝቦ ከተሠራና በየጊዜው ከተጠረገ ብቻ ነው።

የቦዩ ጠላት ደለል ብቻ አይደለም፤ ፌስታልም ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢት መጠቀምን ከልክሏል። ይህ ድንጋጌ በጋምቤላ ገበያዎች በተግባር ከተተረጎመ ከጽዳት ባሻገር የጎርፍ መከላከያም ይሆናል።

ጉዳዩ የጭቃና የመንገድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተኛ ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው፤ መጸዳጃ ቤት አጥለቅልቆ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ጎርፍ ደግሞ ኮሌራን ያዛምታል። ክልሉ በ2017 ዓ.ም. ያጋጠመው የኮሌራ ወረርሽኝ የውኃና የንጽሕና ጉድለት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል አሳይቷል።

ወንዙ ሲሞላ ጀልባና ድንኳን ማቅረብ ግድ ነው። የሁለተኛው ጎርፍ ዕጣ የሚወሰነው ግን በነሐሴ ሳይሆን በጥርና በየካቲት፣ ፕላኑ በሕንፃ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ በሚቀርብበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ «ውኃው ወዴት ይሄዳል?» ተብሎ ካልተጠየቀ፣ ጥያቄው በክረምት ከጎረቤት ደጃፍ ይነሣል።