«መብራቱን ብቻ አጥፋልን»

አዲስ አበባ ላይ «የመኪና ኮድ» ሲባል ለዓመታት ወደ ሁላችንም ጭንቅላት የሚመጣው ሰሌዳ ነው። ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት። ሰው የሚለካውም በእሱ ነበር፤ «ኮድ 2 ይዛለች» ከተባለ አልፎላታል ማለት ነው። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ኮድ ነው። መኪናዋ ራሷ ስለምትናገረው፣ ባለቤቷ ግን ብዙ ጊዜ ስለማትሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት አንዲት ኮሮላ አለች። የ1993 ሞዴል ናት (በፈረንጆቹ ነው፤ የመኪና ሞዴል ላይ ሲሆን ሁላችንም ፈረንጅ ነን)። አባታችን ለብዙ ዓመት ነዳት፣ አሁን ለእኛ ለሁለት እህትማማቾች በፈረቃ ተሰጥታለች። አምና ክረምት ላይ ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት ቦግ አለች። ጠዋት ጠዋት «አልነሳም» እያለች ታስለምነናለች፣ አንዴ ከሞቀች ግን ሰላም ናት። ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለ። ከየት አመጣው? አልጠየቅንም። ከሁለታችን አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቃለች፤ ምንጭ መጠየቅ የተማረችው ሙያ ነው። እሷም ዝም አለች።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር ተገዛ፣ ተገጠመ። የባትሪው ገመድ ለጥቂት ደቂቃ ተነቅሎ ተመለሰና መብራቷ ጠፋች። ከፍለን አመስግነን ወጣን። በአምስተኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ መጣች። እኛም ተመልሰን ሄድን። ያን ጊዜ ያልነውን ስናስታውስ ዛሬም እናፍራለን። «ምን ሆና ነው?» አላልንም። «ወንድም፣ መብራቱን ብቻ አጥፋልን» ነበር ያልነው። ወንድምም አጠፋልን። ባትሪውን መንቀል እኮ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ማጥፋት ነው፤ ሕመሙን አይነካውም።

በሦስተኛው ዙር የሄድነው ሰፈራችን ያለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ነው። ሴንሰር ግዙ አላለንም። «እስቲ መጀመሪያ እሷ ትናገር፣ እህቶቼ» አለ። ኮፈኑ ስር፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ላዩ ላይ «ዳያግኖሲስ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። ክዳኗን ከፈተ፣ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘ፣ ከዚያ ቁልፉን እንድናዞርና ሞተሩን እንዳናስነሳ ነገረን። «ቁጠሩ» አለን።

መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች። ትንሽ ቆመች። እንደገና ሁለት ጊዜ። ረዘም አድርጋ ቆማ ያንኑ ደገመች። 22 ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች 21 የኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ 22 የሞተሩ ውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው፣ 41 የቤንዚን መስጫው ቢራቢሮ አቀማመጥ ሴንሰር ነው። ምንም ችግር ከሌለ መብራቷ ሳታቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ይኸው ነው። ለሁለት ወር ያንገላታን ነገር በአንድ ጥርቅም ሽቦ ግማሽ ደቂቃ ፈጀ።

ሠራተኛው ግን እዚህም ላይ «ሴንሰሩ ይቀየር» አላለም። ሶኬቱን ነቅሎ በቴስተር ለካው። ጤነኛ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ያህል ያሳያል፤ 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 300 ኦም ገደማ ይወርዳል። የእኛው ትክክል ነበር። የተበላሸው ሶኬቱ ላይ የበሰበሰው ሽቦ ነው። መልእክቱ ሲቋረጥበት ኮምፒውተሩ «ውሃው 80 ዲግሪ ነው ብዬ ልውሰደው» ብሎ ይሠራል። በክረምት ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር እንደ ሞቀ ሞተር ቤንዚን ሲሰጠው ይነሳል እንዴ? ሕመሙና ኮዱ ገጠሙ። ሽቦው ተበየደ። በሻይ ዋጋ ልትሉት ትችላላችሁ።

እንግዲህ ክርክራችን ይኼ ነው፤ ኮዱ የባለመኪናዋ ንብረት ነው። ማንም ከማጥፋቱ በፊት ተነብቦ፣ በወረቀት ተጽፎ ሊሰጣት ይገባል። ሐኪም ቤት የላቦራቶሪ ውጤታችንን ሳናይ «ኩላሊትሽ ይቀየር» ብንባል ሰፈሩን እንበጠብጥ ነበር። ጋራዥ ስንደርስ ግን ምን ያዝ ያደርገናል? በተለይ ሴቶች ስንሆን። ኮፈን ሲከፈት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለትን ማን እንዳስተማረን እንጃ።

ያም ሆኖ ኮድ ተነበበ ማለት ችግሩ ታወቀ ማለት አይደለም። ይኼ የሚዘነጋው ስማርት ስልክና ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ በገዛነው በእኛው በወጣቶቹ ነው። ለምሳሌ ፒ 0171 የሚባለው ኮድ «አየሩ ለቤንዚኑ በዛ» ከማለት ውጭ ምንም አይልም። የተቀደደ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የተዘጋ ፊልትሮም ሊሆን ይችላል። «ስልኬ ኦክስጅን ሴንሰር አለኝ» ብሎ መለዋወጫ ገበያ መሮጥ ያው የፊተኛው መካኒክ ሥራ ነው፣ በብሉቱዝ የታገዘ። አሮጌዎቹ ደግሞ ሌላ ጉድ አላቸው። የተቆረጠ ሽቦን ይይዛሉ፣ የሚዋሽ ሴንሰርን ግን ብዙ ጊዜ አይይዙም። ውሃው ሞቆ ሳለ «ገና ቀዝቃዛ ነው» የሚል ሴንሰር ውሸቱ ልክ እስካላለፈ ድረስ መብራት አያበራም፤ ቤንዚን ብቻ ያስበላችኋል።

መብራቷ ድሮም የተፈለሰፈችው ለኪሳችን ታስቦ አይደለም። የሎስ አንጀለስ ጭስ ያስመረረው የካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ ነው፣ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ሲበላሽ ራሳቸው እንዲናገሩ ያስገደደው። ያኔ እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ቋንቋ ይናገር ነበር። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ለሚሸጡ አውቶሞቢሎች አንድ ሶኬትና አንድ የኮድ አጻጻፍ ሆነ፤ አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። ስለዚህ መብራቷ ዝም ብላ ከበራች መደንገጥ የለም፣ ግን ይታይ። በእነዚህ አዳዲሶቹ ላይ እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ዳር ያዙ፤ አንዱ ሲሊንደር አይቃጠልም፣ ጥሬው ቤንዚን እየወረደ ካታሊስቱን እያነደደው ነው።

የጓደኛችን ቪትዝ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። የ2001 ሞዴል ናት፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራች፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ። ሶኬቷ ባለ 16 ቀዳዳው ነው፣ የብሉቱዟ ማንበቢያ ልክክ ብላ ትገባለች፣ ግን አይግባቡም። ሶኬቱ አንድ ሆኖ ቋንቋው ሌላ ነው። እሷንም ያናገርናት በሽቦ ነው፣ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ አገናኝተን። (16ኛውን እንዳትነኩ፣ በቀጥታ የባትሪ መብራት ነው።) ዲኤክስ ያላችሁ አትድከሙ፤ ካርቡራተር ናት፣ የሚናገር ኮምፒውተር የላትም።

ይኼን ሁሉ የምንለው ለጨዋታ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። የኤሌክትሪኳን መግዣ የሌለን ሰዎች ከእነዚሁ ቀድመው ከገቡት ጋር ነው የምናረጀው፤ እርስ በርስ የምንሻሻጠውም እነሱኑ ነው። ሻጭ «መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ» ሲል ደግሞ ነገሩ ከስንፍና ያልፋል። ልትገዙ ስትሄዱ ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ቢጫዋ መብራት መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይ ተቃጥሏል፣ በየትኛውም መንገድ ሰውየው የሚነግራችሁ ነገር አለው። የባሰባቸው ጎበዞች ሽቦዋን ከዘይት መብራቷ ጋር ያገናኟታል፣ አብራ እንድትበራና አብራ እንድትጠፋ። ስለዚህ መብራት አይታችሁ ብቻ አትመኑ፣ ኮዱን ቁጠሩ። ሻጩ ካኮረፈ ይኩረፍ።

ለመካኒኮቹም ፍርድ እንስጥ። ማኑዋሉ የለም፣ ጥሩው ማንበቢያ ውድ ነው፣ ለምርመራ የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ የለም። «ሳይገጥም ለምኑ ነው የምከፍለው?» የምንል እኛው ነን። ሰፈራችን ያለው ሠራተኛ ሽቦዋን በበየደ ቀን ስንት እንደምንከፍለው ስንጠይቀው «የፈለጋችሁትን» አለ። ለተሳሳተው ሴንሰር ሳንከራከር ከፍለን ለትክክለኛው ግማሽ ሰዓት ሒሳብ ስናሰላ ቆምን። በመጨረሻ የሰጠነው ለጋራዡ የከፈልነውን ሩብ አይሞላም፤ እሱም ተቀብሎ መረቀን።

አሁን መኪናዋ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ኮድ፣ ምን ተደረገ። ባለፈው ሳምንት መብራቷ ተመልሳ በራች። ሽቦዋን ይዘን ወረድን፣ ቆጠርን። ሁለት፣ ከዚያ አንድ። 21። ከሶማሌ ተራ የተገዛው ኦክስጅን ሴንሰር መሆኑ ነው። ጤነኛዋን የድሮዋን ጋራዡ ያኔውኑ ጥሏት ነበር። ደብተሩ ላይ ጽፈነዋል፤ ቅዳሜ ቴስተር ተውሰን መጀመሪያ ሽቦውን እናየዋለን።