ፈቃድ ያልጠበቀ ዜማ

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በበዴሳ፣ ስለ ባህል ውይይት በተነሣ ቁጥር የሚደመጥ አንድ አባባል አለ፤ እውነተኛው የሕዝብ ዜማ በኦዳ ቡልቱም ጥላ ሥር የሚዜመው ብቻ ነው፣ ጊታርና አኮርዲዮን የገባበት ሁሉ ባዕድ ነው ይባላል። አባባሉ ለቅርስ የተቆረቆረ ይመስላል። ሲመረመር ግን ሕዝቡ ራሱ የፈጠረውን ከሕዝቡ እጅ የሚነጥቅ ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1960ዎቹ መጀመሪያ የድሬዳዋ ወጣቶች «አፍረን ቀሎ» የተባለውን ቡድን ሲመሠርቱ፣ ከኋላቸው የቆመ ቴአትር ቤትም ሆነ በጀት አልነበረም። በኦሮምኛ መዝፈን በጥርጣሬ ዓይን በሚታይበት በዚያ ዘመን ቡድኑ ተዋክቦ ተበተነ። ገና በታዳጊነቱ ከዚያ የተነሣው ዓሊ ቢራ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አልፎ፣ በ1971 የመጀመሪያ አልበሙን ቀረፀ።

ሸክላ የማሳተም መብት በ1948 ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ እንደነበረ፣ ዐምሃ እሸቴም ይህን ክልከላ ጥሶ የግል ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1969 እንደሆነ ለሚያስታውስ ሰው፣ የዚህ ሥራ ክብደት ግልጽ ነው። ዓሊ ቢራ ዑዱንም ጊታሩንም የያዘው የሐረርጌን ዜማ ለማስዋብ ብቻ አልነበረም። በሸጎዬ ጭፈራ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ወገን እንደሚቀበል ሁሉ፣ በእርሱም ዘፈን ድምፁ ሲያርፍ መሣሪያው ይመልሳል። መሣሪያው ከውጭ መጣ፤ ጥያቄውና መልሱ ግን የአገሬው ነው። ታዲያ ባዕዱ የቱ ላይ ነው?

በ1983 አር.ኢ.ኤም. የተባለ የአሜሪካ የሮክ ቡድን፣ ከጆርጂያዋ ትንሽ ከተማ ከአቴንስ ተነሥቶ «መርመር» የተሰኘውን አልበም በአነስተኛ የሸክላ ኩባንያ ሲያወጣ፣ ሐያስያን ከዋና ከተማ ርቆ በራሱ ቋንቋና ቃና የቆመ ሥራ ነው ብለው አደነቁት። አድናቆቱ ተገቢ ነው። ድሬዳዋ ግን ይህንኑ መንገድ ሃያ ዓመት ቀድማ ጀምራው ነበር፤ ያውም የእስር ሥጋት ባለበት።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው አይሻልም። የዓሊ ቢራ ቀደምት ቅጂዎች በ2013 በፓሪስ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ውስጥ 28ኛ ሆነው ከወጡ በኋላ ብቻ ማዳመጥ የጀመረ ምሁር አለ። የጨርጨር ገበሬ በገበያ ቀን፣ የመኪና ረዳቱም በሐረር መንገድ ላይ ሲያዳምጡት የኖሩትን ዜማ፣ ዋጋውን ለማወቅ የባዕድ ማኅተም መጠበቅ ራስን መናቅ ነው።

ይህ ማለት ተቋም አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዓሊ ቢራ ራሱ ከክብር ዘበኛ መድረክ ብዙ ቀስሟል። የተቋም ድርሻ ግን የተፈጠረውን መጠበቅና ማስተማር እንጂ፣ ጥበብ እንዲወለድ ፈቃድ መስጠት አይደለም። ዓሊ ቢራ በ2022 አርፏል። አሮጌው ሸክላ ይሰነጠቃል፤ የካሴቱም ክር ይበጠሳል። የምዕራብ ሐረርጌ የባህል ሠራተኞችና መምህራን በየሻይ ቤቱና በየቤቱ የቀረውን ዛሬውኑ ቢሰበስቡ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያደምጡና በክፍል ውስጥ ቢያወያዩበት፣ የኦዳ ቡልቱም ጥላ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።